ጃኩዚው ስንት ዲግሪ ነው? ከሐዋሳ መናኸሪያ እስከ ወንዶ ገነት ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ

ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ መናኸሪያ ቆማችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ! ወንዶ ገነት!» ይላል። ፎጣቸውን በፌስታል የጠቀለሉ ወጣቶች፣ ወገባቸውን የሚያማቸው እናቶች፣ ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስተው የመጡ ጥንዶች እዚያው ይገናኛሉ። ግማሹ ወደ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ይሳፈራል። ግማሹ ባጃጅ ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ሆቴል፣ ወደ ስቲምና ጃኩዚ። መድረሻው ይለያይ እንጂ የሁሉም ፍላጎት አንድ ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሳምንቱን ድካም ማውጣት።

እኔም ከጓደኞቼ ጋር እዚሁ ከተማ አንድ ሆቴል ጃኩዚ ልንገባ ሄደን ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ገንዳውን የሚጠብቀውን ልጅ «ወንድሜ፣ ውሃው ስንት ዲግሪ ነው?» አልኩት። እጁን እስከ ክርኑ ነከረና «አሪፍ ነው፣ ግባ» አለኝ። «ክሎሪኑስ መቼ ተለካ?» ስለው ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ሽታው አይሸትህም እንዴ?»

ልጁ አልዋሸኝም፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ችግሩ ግን የሚጀምረው እዚያው ሽታው ላይ ነው።

አብዛኞቻችን በረኪና በረኪና የሚሸት ውሃ ንጹህ ነው ብለን እናምናለን። እውነታው ወደ ተቃራኒው ያደላል። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ገብቶ ከላብ፣ ከሽንት፣ ከቅባትና ከሎሽን ጋር ሲዋሃድ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ዓይን የሚያቃጥለውና አፍንጫ የሚመታው እሱ ነው። ስለዚህ ከባድ ሽታ ማለት ክሎሪኑ ብዙ ነው ማለት ሳይሆን፣ ብዙው ክሎሪን ቆሻሻ ላይ አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ጀርም ለመግደል የሚያስፈልገው ነፃ ሆኖ የቀረው ክሎሪን ነው። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ለጃኩዚ የሚመክረው በሊትር ቢያንስ 3 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን ነው፤ ለተራ መዋኛ ገንዳ ግን 1 ይበቃል ይላል። ለምን ሦስት እጥፍ? ሙቀት ክሎሪንን ቶሎ ስለሚያባክነው፣ አረፋው ስለሚያበትነው፣ ደግሞም ውሃው ትንሽ ሰው ብዙ ስለሆነ። መዋኛ ገንዳ ውስጥ አምስት ሰው ምንም አይደለም። ጃኩዚ ውስጥ አምስት ሰው ማለት ላባችንን አብረን መቀቀል ማለት ነው። (ይቅርታ፣ ግን ሌላ አገላለጽ የለውም።)

ይሄን የሚለካው ወረቀት ጣት የምታህል ናት፤ ነክረህ ቀለሟን ታያለህ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። እጅ ግን እስከ ክርንም ቢነከር ክሎሪን አይለካም። ሙቀት ራሱ በእጅ አይለካም፤ ሙቅ ነገር ሲነካ የዋለ እጅ 42 ዲግሪን «ለብ ያለ» ሊለው ይችላል።

ክሎሪኑ ሲያልቅ ምን ይመጣል? ቀላሉ የቆዳ ሽፍታ ነው። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ የፀጉር ሥር ውስጥ ገብቶ ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ባለው ጊዜ ቀይ፣ የሚያሳክክ፣ አንዳንዴ መግል የያዘ ብጉር ያወጣል። በተለይ የዋና ልብሱ የሸፈነው ቦታ ላይ ይበዛል፤ እርጥብ ጨርቅ ውሃውን ቆዳ ላይ ይዞ ስለሚቆይ። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ግን «ምግብ ነው፣ አለርጂ ነው» ብሎ ከፋርማሲ ያገኘውን ቅባት ይለቀልቃል።

ከባዱ ሌላ ነው። ስሙ ሌጅዮኔላ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ አሜሪካውያን ወታደሮች ምንነቱ ባልታወቀ የሳንባ ምች መውደቅ ጀመሩ። ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሲገኝ አዲስ ባክቴሪያ ሆነ፤ ማኅበራቸው «ሌጅዮን» ስለሚባል ስሙ ከዚያ ወጣለት። ይሄ ባክቴሪያ ለብ ያለና የቆመ ውሃ ይወዳል፤ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ምቹ ሠፈሩ ነው። የጃኩዚ ሙቀት የት እንደሚውል አስቡት። ሰው የሚይዘው ውሃውን በመጠጣት ሳይሆን እንፋሎቱንና ብናኙን በመተንፈስ ነው። ጃኩዚ ደግሞ ሥራው ውሃን ወደ አረፋና ብናኝ መቀየር ነው።

ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ ሁለት የታወቁ ክስተቶችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔዘርላንድስ ቦቨንካርስፔል በምትባል ከተማ የአበባ ኤግዚቢሽን ነበር። ለሽያጭ ከቀረቡት ዕቃዎች መካከል ውሃ ተሞልቶ የሚንቀሳቀስ ጃኩዚ ነበር፣ ለእይታ ብቻ። በአጠገቡ ያለፉ ጎብኚዎች ታመሙ። የታማሚው ቁጥር ወደ 200 ተጠጋ፣ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። 20 ዓመት ቆይቶ፣ በ2019፣ አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በተደረገ አውደ ርዕይ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተደገመ፤ አሁንም ለእይታ ከቀረቡ ጃኩዚዎች ጋር የተያያዘ። ከ130 በላይ ታመሙ፣ 4 ሞቱ። ውሃው ውስጥ መግባት እንኳ አላስፈለገም።

ለእኛ ነገሩን የሚያከብደው ምርመራው ነው። ምልክቱ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል፦ ትኩሳት፣ ሳል፣ የጡንቻ ሕመም፣ አንዳንዴ ተቅማጥና መደናገር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐዋሳ የተዝናናው ሰው ወላይታ ወይም አዲስ አበባ ወይም ጅማ ቤቱ ተመልሷል። ክሊኒክ ሄዶ «ኒሞኒያ ነው» ይባላል፣ ጃኩዚውን ግን እሱም አያነሳም፣ ሐኪሙም አይጠይቅም። አሞክሲሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ለብዙ የሳንባ ምች ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሌጅዮኔላን ግን አይነኩትም። እሱ እንደ አዚትሮማይሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን ያለ ሌላ ወገን ይፈልጋል። ስለዚህ ከጉዞ ተመልሳችሁ ባሉት ሁለት ሳምንታት ደረታችሁን ካመማችሁና ትኩሳት ከያዛችሁ «ዶክተር፣ ባለፈው ሳምንት ጃኩዚ ገብቼ ነበር» በሉ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የመድኃኒቱን ምርጫ ልትቀይር ትችላለች። መድኃኒቱን ግን ራሳችሁ ከፋርማሲ እንዳትገዙ። በተለይ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የሚያጨሱ፣ የሳንባ ችግር ያለባቸው ወይም መከላከያ አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ጉዳዩን ቀላል ማድረግ የለባቸውም።

ወደ ሙቀቱ እንመለስ፤ ወጣቱን ይበልጥ የሚነካው እሱ ነው።

ሰውነታችን ሲሞቅ ራሱን የሚያበርደው በላብ ነው። ላብ የሚያበርደው ግን ሲተን ነው። አንገት ድረስ ውሃ ውስጥ ከሆንክ የሚተን ላብ የለም። ከ37 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሙቀት ይገባዋል እንጂ አይወጣለትም። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊት ይወርዳል፣ ልብ ለማካካስ ይሮጣል። ከዚያ «በቃኝ» ብለህ ብድግ ስትል ዓይንህ ይጨልማል። ደረቅ መሬት ላይ ብትወድቅ ግንባርህ ያብጣል፤ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ግን ወሬው ሌላ ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት መሥሪያ ቤት የጃኩዚ ውሃ ከ40 ዲግሪ ፈጽሞ እንዳይበልጥ የሚለው። ጤነኛ አዋቂም ቢሆን 15 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ቢወጣ ይሻላል።

አሁን የኛን ሀገር ፕሮግራም አስቡት። ወንዶ ገነት የፍል ውሃ ሀገር ብቻ አይደለም፣ የጫት ሀገርም ነው። ከሰዓት ይቃማል። ምርቃናው ሲመጣ ልብ ቀድሞውኑ ይመታል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ ምግብ ተዘግቷል፣ ውሃ በቅጡ አልተጠጣም። ማታ ጨብሲ ይባላል፣ ቢራው ይደረደራል። ከዚያ የሆነ ሰው «ጃኩዚ እንግባ!» ይላል። ጫቱ ልብን ያስሮጣል፤ መጠጡ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ያደርቃል፣ ያስተኛል፤ ሙቀቱ ሁሉንም ያባብሳል። የሰከረ ሰው ደግሞ እየጋለ መሆኑን አይሰማም፣ «ዛሬ ተመቸኝ» ብሎ ዓይኑን ይከድናል። ጓደኞቹ «ተኝቷል፣ ተዉት» ይሉታል። እባካችሁ አትተዉት።

«ፍሬንድስ»ን ያየ ሁሉ ቻንድለርን ያውቀዋል። ተዋናዩ ማቲው ፔሪ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 በ54 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ቤቱ ጃኩዚ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የአስከሬን ምርመራው ዋናው ምክንያት ኬታሚን ነው አለ፤ መስጠሙ ግን ከአባባሽ ምክንያቶቹ አንዱ ተብሎ ተመዝግቧል። ራስን የሚያስት ማንኛውም ነገር ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጥልቀቱ ወገብ ድረስ መሆኑ አያድንም። ጃፓንን ደግሞ ተመልከቱ፦ በሙቅ ውሃ ባህሏ የምትኮራ ሀገር፣ ነገር ግን በየዓመቱ ከ4,000 በላይ አረጋውያን ቤታቸው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይሰጥማሉ። በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አረጋውያን ቁጥር ይበልጣል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናትና አባቶቻችንን ይዘን ስንሄድ ይሄ ትዝ ይበለን፤ ብቻቸውን አናስገባቸው፣ ሲነሱ ክንዳቸውን እንያዝ።

ጫጉላው ደግሞ አለ። ሐዋሳ የሙሽሮች ከተማ ናት፤ በሰርግ ወቅት የጽጌረዳ ቅጠል የተበተነበት ጃኩዚ ቲክቶክ ላይ ያላየ የለም። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ሙሽሪት በዚያ ሳምንት ብትፀንስ ታውቃለች? አታውቅም። የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ግን ከፅንሰት በኋላ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ ይዘጋል፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የእናት የሰውነት ሙቀት ከ39 ዲግሪ ሲያልፍ ቱቦው በትክክል ያለመዘጋት ዕድሉ እንደሚጨምር ጥናቶች ያሳያሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ይህ የአፈጣጠር ጉድለት ቀድሞውንም ብዙ ነው፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት የፎሊክ አሲድ እጥረት ነው። እንግዲህ ለማርገዝ የምታስቡ ከሆነ ፎሊክ አሲዱን ከጫጉላው በፊት ጀምሩ፤ ጃኩዚውን ለብ አድርጋችሁ አሳጥሩት፣ ወይም እግር ብቻ ነክራችሁ ፎቶውን ተነሱ። ወንዶችም አትሳቁ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ አዘውትሮ መቀመጥ የዘር ፍሬ ምርትን ይቀንሳል። ልማዱ ሲተው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል።

«ክፍላችን ውስጥ ያለው የግላችን ነው፣ ውሃውም አዲስ ነው» የሚል አለ። ውሃው አዲስ ነው፣ ቧንቧው ግን አዲስ አይደለም። አረፋ የሚያወጡት ቀዳዳዎች ውስጠኛ ቱቦ አላቸው፤ ከእናንተ በፊት የነበሩት ሰዎች ውሃ እዚያ ቀርቶ፣ ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን ሠርቶ ይጠብቃል። ማብሪያውን ስትጫኑ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ከመግባታችሁ በፊት ገንዳው በሙቅ ውሃና በበረኪና ተሞልቶ አረፋው ለጥቂት ደቂቃ እንዲሠራ፣ ከዚያ እንዲደፋና እንዲታጠብ ጠይቁ። ያን የከፈላችሁበት አገልግሎት ነው፣ ሞገደኛ መሆን አይደለም።

ፍል ውሃስ? እዚህ ላይ ለአያቶቻችን ክብር እንስጥ። እቴጌ ጣይቱና የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ የወረዱት ለዚሁ መታጠብ ነው፤ አዲስ አበባ የተወለደችው ከሙቅ ምንጭ አጠገብ ነው። ወንዶ ገነትንም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መዝናኛቸው አድርገውት ነበር። ከምንጭ እየፈሰሰ ገብቶ እየፈሰሰ የሚወጣ ውሃ፣ ያው ውሃ ቀኑን ሙሉ ከሚሽከረከርበት ጃኩዚ በአንድ በኩል ይሻላል፤ ያንዱን ላብ ለሌላው አያቆይም።

ግን ምንጩ ቴርሞሜትር አልተገጠመለትም። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ይህንንም አይታገስም። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከምንጩ ዳር አርቁ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ደግሞ ሙቁ ገንዳ ውስጥ ጭራሽ አታስገቡ። ሌላው፣ ጭንቅላታችሁን አታጥልቁ። ኔግሌሪያ ፋውለሪ የሚባል ሙቅ የተፈጥሮ ውሃ ውስጥ የሚኖር አሜባ አለ፤ በአፍንጫ ከገባ ወደ አንጎል ይወጣል። በጣም፣ በጣም ብርቅ ነው፤ ከያዘ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ውሃውን በመጠጣት አይይዝም፤ መንገዱ አፍንጫ ብቻ ነው። ዋናተኛ ነኝ ለማለት ሌላ ቦታ ሞልቷል።

እና ስለ «ፈውስ» አንድ ቃል። ሙቅ ውሃ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመምን ያስታግሳል፣ ይሄ እውነት ነው። የስኳር በሽታን አያድንም፣ ቲቢን አያድንም፣ ኤችአይቪን አያድንም። ፍል ውሃ ሄዶ ኪኒኑን ያቋረጠ ሰው ከሙቀቱም ከጀርሙም የከፋ አደጋ ላይ ነው። የስኳር ታማሚ ደግሞ እግሩ ደንዝዞ ከሆነ መቃጠሉ አይሰማውም፤ ከመግባቱ በፊት ሌላ ሰው ውሃውን ይሞክርለት።

ፀጉራችሁን ማስያዝም ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ጃኩዚ ሥር ውሃውን ወደ ፓምፕ የሚስብ ቀዳዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የ7 ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር፣ የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ የጃኩዚ መሳቢያ ይዟት ሰጠመች። ዋና የምትችል ልጅ ነበረች። እናቷ ታግላ ኮንግረሱ በ2007 በስሟ ሕግ አወጣ፤ የመሳቢያ ክዳኖች አደጋ በማይፈጥሩ እንዲቀየሩ አስገደደ። እኛ ጋ ስትገቡ ክዳኑን በዓይናችሁ ፈልጉ። ከተሰበረ ወይም ከሌለ አትግቡ። ውሃው ደፍርሶ ታቹ ካልታየ መልሱ እዚያው አለ።

ታዲያ ይሄን ሁሉ መጠየቅ የእንግዳው ሥራ ነው? አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 የመታጠቢያ ስፍራዎችንና የመዋኛ ገንዳዎችን ቁጥጥር ይመለከት ነበር። ስለዚህ «ሕግ ወጥቶ አያውቅም» ማለት አይቻልም። የጎደለው ሕግ ገንዳው ጠርዝ ድረስ ወርዶ መታየቱ ነው። የሆቴል ኮከብ ስለ አልጋና ስለ ቁርስ ብዙ ይነግረናል፤ ዛሬ ጠዋት ውሃው ውስጥ ስንት ክሎሪን እንዳለ አይነግረንም። ባለሆቴሎችንም ልረዳቸው እሞክራለሁ፦ መብራት ሲጠፋ ፓምፑና ማጣሪያው ይቆማል፣ ውሃው ለብ ብሎ ይተኛል፤ ገንዳ ደፍቶ መሙላት ደግሞ ውሃም መብራትም ብርም ይበላል። ግን መብራት ጠፍቶ የዋለ ጃኩዚን ሲመጣ ዝም ብሎ አረፋ ማስነሳት፣ ከላይ እንዳያችሁት፣ ሌጅዮኔላን እንግዳ መቀበያ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ከሆቴሎቹ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት ሰሌዳ፦ ሰዓት፣ ሙቀት፣ ክሎሪን፣ የለካው ሰው ፊርማ። ሽንት ቤት በር ጀርባ ላይ «ያጸዳው» እየተባለ የሚፈረምበትን ወረቀት ሁላችንም አይተናል። ሽንት ቤቱ የተፈረመለትን ያህል ገንዳውስ?

ያን ቀን እኛ አልገባንም። ልጁ ቅር ብሎት «ሁሉም ሰው ይገባል እኮ» አለኝ። ስንወጣ ሦስት ሰዎች ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው እየገቡ ነበር፤ አንደኛዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። መለስ ብዬ «እህቴ፣ ለአንቺ አይመከርም፣ ሙቀቱ ይበዛል» አልኳት። ባሏ ገላመጠኝ፣ እሷ ግን አመስግናኝ ዳር ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።